«እሰይ» እና «ወይኔ» ከአንድ አፍ፦ የምንወደው የውጭ ሆረር ፊልም ዳግም ሲሠራ

የተከበራችሁ የሆረር ፊልም አፍቃሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አስቀድመን አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ዛሬ የምናነሳቸውን ፊልሞች አጨራረስ ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ስለ ሪሜክ፣ ማለትም ዳግም ስለተሠራ ፊልም፣ እያወራን መጨረሻውን ብንሸሽግ ግማሹን ነገር ሸሸግን ማለት ነው። ያላየው ፊልም ስም ሲጠራ ጆሮውን የሚይዝ ካለ አንቀየምም። ዓመቶቹን ደግሞ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጠራለን።

በማናውቀው ቋንቋ የተሠራ፣ ሰብታይትሉን እየተከታተልን የወደድነው አንድ አስፈሪ ፊልም አለ እንበል። አንድ ቀን «ሆሊውድ በእንግሊዝኛ ሊሠራው ነው» የሚል ወሬ ይመጣል። ያኔ ከአንድ አፍ ሁለት ቃል ይወጣል፦ «እሰይ፣ በስተመጨረሻ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ነው» እና «ወይኔ፣ ሊያበላሹት ነው»። ይህን ሁለት ልብ መሆን እንደ ግብዝነት የሚቆጥሩት አሉ። «ካልወደድከው አትየው፤ የድሮው እንደሆነ የትም አይሄድም» ይሉናል።

የትም አይሄድም የሚለው እውነት አይደለም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ግብዝነት የሚለውም ስህተት ነው፤ ሁለቱ ቃላት የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነውና። «እሰይ» የምንለው ስለ ታሪኩ ነው። ጥሩ ታሪክ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ሰው እጅ ሌላ መልክ ቢይዝ ደስ ይላል። «ወይኔ» የምንለው ግን ፊልሙ እያወቀ ሳይናገር ስለተወው ነገር ነው። ታሪክ ይሸጣል፣ ይገዛል። ዝምታ ግን በውል ውስጥ አይጻፍም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

የሪሜኩን ማዕበል ካስነሳው እንጀምር። የጃፓኑን «ሪንጉ» ሂዲዮ ናካታ በ1998 ሠራው፤ መነሻው ኮጂ ሱዙኪ በ1991 ያሳተመው ልቦለድ ነው። ጎር ቨርቢንስኪ በ2002 «ዘ ሪንግ» ብሎ በአሜሪካ ደገመው። 48 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገባ። ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮዎች የሌላ አገር ሆረር መግዛትን ሥራዬ ብለው ያዙት። በ2008 ብቻ «ዋን ሚስድ ኮል» ከጃፓን፣ «ዚ አይ» ከሆንግ ኮንግ፣ «ሸተር» ከታይላንድ፣ «ሚረርስ» ከኮሪያ፣ «ኳራንቲን» ከስፔን ፊልም ተቀድተው ወጡ። አምስት ሪሜክ በአንድ ዓመት! የብዙ አድናቂ «ወይኔ» የጠነከረው ያኔ ነው።

«ዘ ሪንግ» ራሱ ግን ይቅርታ ካገኙት ጥቂቶች አንዱ ነው። የታሪኩን ሞተር አልነካማ። የተረገመውን የቪዲዮ ካሴት ያየ በ7 ቀን ይሞታል፤ የሚተርፈው ቀድቶ ለሌላ ሰው ያሳየ ብቻ ነው። እናት ልጇን ለማዳን ሞቱን ወደ ሌላ ሰው ማሻገር አለባት። ይህ ክፉ ስሌት በሁለቱም ፊልሞች ሳይለሰልስ ተቀምጧል። አሜሪካኖቹ የጨመሩት መርከብ ላይ የሚደነብረው ፈረስም በጃፓኑ የለም፤ በዚህ ረገድ ተበልጠናል ብለን እናምናለን።

የተለወጠው የዝምታው መጠን ነው። የጃፓኑ 96 ደቂቃ ይወስዳል፣ የአሜሪካው 115። በጃፓኑ የእናትየዋ የቀድሞ ባል ነገሮችን በመንካት ብቻ ያለፈውን የማየት ስጦታ አለው፤ ከየት እንዳመጣው የሚያስረዳን የለም። በአሜሪካው ይህ ስጦታ ወጥቶ በቦታው ማስረጃ ገባ፦ የሆስፒታል መዝገብ፣ የሕክምና ቪዲዮ፣ የፈረስ እርባታ ታሪክ። ከዚያ ደግሞ ካሴቱን የረገመችው የሙት መንፈስ ፊት አለ። የጃፓኗ ሳዳኮ ፊት አይታይም፤ ከፀጉሯ ሥር አንድ ዓይን ብቻ እናያለን። አካሄዷ የተሠራበት ዘዴም እጅግ ርካሽ ነው፤ ተዋናይዋ ሪዬ ኢኖ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀረጸች፣ ከዚያ ቀረጻው ተገልብጦ ታየ። ወደ እኛ የምትመጣ ይመስላል፤ የሰውነቷ ክብደትና የልብሷ እንቅስቃሴ ግን ጊዜያቸውን ስተው ይወድቃሉ። ተመልካቹ ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ያመዋል። በአሜሪካው በሜካፕ የተሠራውን ፊት ፊት ለፊት እናየዋለን። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ግን ሜካፑ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ መመርመር ይጀመራል።

አሁን ወደ መጨረሻዎቹ። በ1988 ጆርጅ ስላውዘር «ስፑርሎስ» የተባለ የኔዘርላንድ ፊልም ሠራ። ሬክስ የጠፋችበት ፍቅረኛው ምን እንደደረሰባት ለማወቅ ሲል ጠላፊው ያቀረበለትን መድኃኒት የተቀላቀለበት ቡና አውቆ ይጠጣል፤ ሲነቃ ከነነፍሱ በሣጥን ተቀብሯል። ፊልሙም እዚያው ትቶት ያበቃል። በ1993 ራሱ ስላውዘር በአሜሪካ ሲደግመው ጀግናው ከመቃብር ይወጣል፣ ክፉውም ዋጋውን ያገኛል። ዳይሬክተሩ አንድ፣ ታሪኩ አንድ፤ የተለወጠው የመጨረሻው ክፍል ነው። ጉዳቱ ግን መጨረሻው ላይ ብቻ አይቆምም። የመጀመሪያው ፊልም ሙሉ ጥያቄ «ለማወቅ ምን ያህል ትከፍላለህ?» የሚል ነበር፤ ጀግናው ከዳነ ክፍያው ተመለሰለት ማለት ነው፣ ጥያቄውም ወደ ኋላ ሄዶ ይፈርሳል።

የዴንማርኩን «ስፒክ ኖ ኢቭል»ም እንውሰድ፤ ክርስቲያን ታፍድሩፕ በ2022 የሠራውን። አንድ የዴንማርክ ቤተሰብ በሽርሽር ላይ የተዋወቃቸው ኔዘርላንዳውያን ቤት በእንግድነት ይሄዳል። ነውር በነውር ላይ ሲደረብ እንግዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻም ባልና ሚስቱ ሳይታገሉ ይሞታሉ። አባትዬው ለምን ይህን ታደርጋላችሁ ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስለፈቀዳችሁልን ነው የሚል ነው። የ2024ቱ ሪሜክ ይህን መልስ ይዞት ይመጣል፤ ቤተሰቡ ግን በመጨረሻው ሲሶ መዶሻ አንስቶ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተዋግቶ ያመልጣል። ተዋናዩ ጄምስ ማክአቮይ ድንቅ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስጮህ ፊልም ነው። ስለ ይሉኝታ ግን ከእንግዲህ የሚለው ነገር የለውም።

በዚህኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ኪሳራ አለ፤ ቋንቋ። በዴንማርኩ ፊልም ሁለቱ ቤተሰቦች የሚግባቡት የሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነው በእንግሊዝኛ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይጎረብጣል። አንድ ሰው ነውር ነገር ሲናገር «ቋንቋው ይሆን እንዲህ ያስባለው?» ብሎ መታገስ ተፈጥሯዊ ነው፤ ወጥመዱም የተሠራው በዚያ ትዕግሥት ነው። በሪሜኩ ሁሉም በገዛ ቋንቋው ስለሚያወራ ያ ሰበብ ጠፋ። ስለዚህ ጸሐፊው ባልና ሚስቱ ለምን እንደሚታገሡ የሚያስረዳ ሌላ ምክንያት፣ የትዳር ቁስል፣ ማጠንከር ነበረበት። ሪሜክ ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚረዝም አንዱ ምሥጢር ይህ ነው፤ የአገሩ ተመልካች ሳይነገረው ያውቅ የነበረው ነገር አሁን መነገር አለበት። የዴንማርኩ 97 ደቂቃ ነው፣ አዲሱ 110።

«የድሮው የትም አይሄድም» ወደሚለው እንመለስ። ያለቀ ፊልም ሁለት ዓይነት መብት ይሸጥበታል፤ ፊልሙን ራሱን የማከፋፈልና ታሪኩን ወስዶ አዲስ የመሥራት። ሁለቱ በአንድ ገዢ እጅ ሲወድቁ፣ አዲሱ እስኪወጣ የድሮውን መሳቢያ ውስጥ ማቆየት ለገዢው ያዋጣዋል። የስፔኑ «ሬክ» አገሩ ላይ በ2007 መጨረሻ ወጣ። ሪሜኩ «ኳራንቲን» ዓመት ሳይሞላው በኦክቶበር 2008 ደረሰ። «ሬክ» በአሜሪካ በዲስክ የወጣው በ2009 ነው፤ ቅጂው ቀደመና ዋናው ተከተለ። ይባስ ብሎ የ«ኳራንቲን» ማስታወቂያና ፖስተር የፊልሙን የመጨረሻ ምስል፣ ሴትዮዋ በጨለማ ስትጎተት፣ አስቀድመው አሳዩት። መጨረሻው ከስፔኑ ጋር አንድ ስለሆነ ገና ያልታየው ፊልምም አብሮ ተገለጠ። ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ በተመልካቹ ላይ የደረሰ ግልጽ ጉዳት ነው።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚታየው በስዊድኑ «ሌት ዘ ራይት ዋን ኢን» ላይ ነው። ቶማስ አልፍሬድሰን በ2008 ከዮን አይቪዴ ሊንድክቪስት የ2004 ልቦለድ ሠራው። ብላኬበርግ በተባለ የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር የሚኖር፣ በትምህርት ቤት የሚደበደብ የ12 ዓመቱ ኦስካር ጎረቤት ከመጣችው ከኤሊ ጋር ይወዳጃል። ኤሊ ደም ጠጪ ናት። ማት ሪቭስ በ2010 ታሪኩን ወደ ሎስ አላሞስ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ወደ 1983 ወስዶ «ሌት ሚ ኢን» ብሎ ሠራው። አልፍሬድሰን በድጋሚ መሠራቱ እንዳልተዋጠለት በይፋ ተናግሯል። ደራሲው ግን ሁለቱንም ፊልሞች ወዷቸዋል። «እሰይ»ና «ወይኔ» በአድናቂዎች ብቻ አይደለም፣ በባለቤቶቹም መካከል ነበሩ ማለት ነው።

ሪቭስ ያሻሻለው አለ። በስዊድኑ ድመቶች ሴትዮዋን የሚያጠቁበት ትዕይንት በኮምፒውተር የተሠሩ ድመቶቹ ስለሚያስቁ ፊልሙን ለደቂቃ ያወርደዋል፤ ሪቭስ አውጥቶ ጣለው። በምትኩ የራሱን የመኪና ትዕይንት ጨመረ። ካሜራው መኪናው ውስጥ ተተክሎ፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሲገለባበጥ አብሮ ይገለባበጣል፤ ወደ ውጭ ወጥቶ አያሳየንም። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገን በቴሌቪዥን ስለ ክፋት ሲናገሩ ማስገባቱም ዘመኑንና አገሩን በትክክል የራሱ አድርጎታል። ሪሜክ ሲባል እንዲህ ቢሆን ማንም አይከፋም።

አሁን አንዲት ትንሽ ምስል እንይ። ከደም ጠጪዋ ጋር የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ ሰው እየገደለ ደም ያመጣላታል። በስዊድኑ ፊልም ማን እንደሆነ አይነገርም። አባት ነው? አገልጋይ? ወይስ ድሮ እንደ ኦስካር ያለ ልጅ የነበረ? በአሜሪካው ልጁ ቤቷ ውስጥ ያረጀ የፎቶ ቁራጭ ያገኛል፤ እሷ እንዳለች ናት፣ አጠገቧ ግን መነጽር ያደረገ ትንሽ ልጅ አለ። አለቀ። ሰውየው ያ ልጅ ነው። ምስሉ የሚቆየው ጥቂት ሰኮንድ ነው፤ በእነዚያ ሰኮንዶች ግን ሦስት ትርጉም ወደ አንድ ይወርዳል፣ የፊልሙ መጨረሻም ከጥያቄ ወደ ፍርድ ይለወጣል። ትርጉሙ መጥፎ ነው አላልንም። ብዙ አድናቂ አስቀድሞ በልቡ የጠረጠረው ነው። መጠርጠሩ ግን የእሱ ሥራ ነበር።

ለማየት ለምትፈልጉ የሚጠቅም ጥቂት ነገር እንጨምር። የስዊድኑን ፊልም በዱብ፣ ማለትም ድምፁ በሌላ ቋንቋ ተተክቶ፣ አትዩት። የኤሊ ድምፅ የተዋናይዋ የሊና ሊያንደርሰን አይደለም፤ ዕድሜ የሌለው እንዲመስል አውቀው ጎርነን ባለ በሌላ ሰው ድምፅ ተክተውታል። ዱብ ሲደረግ ያ ሥራ በሙሉ ይጠፋል። ሰብታይትሉንም አጣሩ። በ2009 በአሜሪካ የወጣው ዲስክ በሲኒማ ከታየው የተለየና የደኸየ ትርጉም ይዞ ነበር። አድናቂዎች ሁለቱን መስመር በመስመር አወዳድረው ጮኹ፤ ከዚያ በኋላ የታተሙት ዲስኮች የሲኒማውን ትርጉም ይዘው ወጡ። መለያው በሽፋኑ ጀርባ፣ በሰብታይትሉ መስመር ላይ፣ ከእንግሊዝኛው ጎን የተጻፈው «ቲያትሪካል» የሚል ቃል ነው።

ርዝመቱም አያስደንግጣችሁ። ፊልሙ 114 ደቂቃ ነው፤ የአውሮፓ ዲቪዲ ላይ ግን 110 ገደማ ሊል ይችላል። ተቆርጦ አይደለም። በሰኮንድ 24 ምስል የተቀረጸው በ25 ስለሚጫወት 4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። ብሉሬይ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ስለሚጫወት ያ ችግር የለበትም። ክፍሉን አጨልሙ፤ የሁለቱም ፊልሞች ሌሊት በደማቅ ብርሃን ውስጥ ግራጫ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ ግን ከሁሉ ይበልጣል። መጀመሪያ የስዊድኑን እዩ፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳልፉ፣ ከዚያ የአሜሪካውን። ሁለተኛውን ከመክፈታችሁ በፊት ያ ትልቅ ሰው ለእናንተ ማን እንደነበረ በአንድ መስመር ጻፉ። ፎቶው ሲመጣ ከጻፋችሁት ጋር ታስተያዩታላችሁ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ የምታስተያዩት ነገር አይኖርም፤ ስዊድኑ ላይ ሰውየው ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ሲገባ መነጽር ያደረገውን ልጅ ታያላችሁ።