ፌሬት ሲደክም፦ እርጅና ነው ወይስ የደም ስኳር መውረድ?

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮች። የዛሬው ውይይታችን ፌሬት የሚባለውን ትንሽ ሥጋ በል የቤት እንስሳ ለሚያሳድጉ፣ በተለይም እንስሳቸው አራት ዓመት ለሞላው ነው። ዳዊት፣ ብዙ ሰው «አርጅቶ ነው መሰል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ የኋላ እግሩን ይጎትታል» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ከዚህ እንነሳ።

ዳዊት፦ እንቅልፉ ብቻውን አያሳስብም። ጤነኛ ፌሬትም በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። መታየት ያለበት ሲነቃ የሚሆነው ነው። ቆሞ አንድ ቦታ ላይ ካፈጠጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ በፊት እግሩ አፉን ደጋግሞ ከቧጨረ፣ የኋላ እግሩም ከከዳው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንሱሊኖማ ነው።

ሜሮን፦ ኢንሱሊኖማ ቆሽት ላይ የሚወጣ እባጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ያለ ልክ ይባዙና ሰውነት ሳይፈልገውም ኢንሱሊን ይረጫሉ። የደም ስኳር ይወርዳል፣ አንጎል የሚሠራበት ያጣል። ሰዎች «ስኳር ያዘው» ሲባሉ የሰውን በሽታ ያስባሉ፤ ይሄኛው ግን ተቃራኒው ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። ቁጥሩን ልናገር፤ ጤነኛ ፌሬት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ግራም ያህል ስኳር ይኖረዋል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ተለክቶ ከ60 በታች ከወረደ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። ከዚያ በላይ ግን አይጹም! «ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይበላ አምጡት» የሚለው ለውሻ ይሆናል፣ ለፌሬት አደጋ ነው። አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጾም፣ ቆሽቱ ከታመመ፣ እዚያው ሊንዘፈዘፍ ይችላል።

ሜሮን፦ በሰው የስኳር መለኪያ ቤት ውስጥ የሚለኩስ?

ዳዊት፦ የሰው መለኪያ የፌሬትን ስኳር ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጤነኛውን በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። መድኃኒት የሚታዘዘው በክሊኒኩ ላቦራቶሪ ውጤት መሆን አለበት።

ሜሮን፦ እሺ፣ እንስሳው ዓይናችን እያየ ወደቀ እንበል። ምን እናድርግ?

ዳዊት፦ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ወዲያው የሥጋ ምግብ ይቅረብለት፤ ለብ ካለ ሽታው ይስበዋል። ራሱን ከሳተ ወይም እየተንዘፈዘፈ ከሆነ ጥቂት ማር በጆሮ ጥጥ ጫፍ ወስዶ ድዱ ላይ መቀባት ነው። ጣት አፉ ውስጥ አይገባም፣ ሳያውቀው አጥብቆ ይነክሳል። የተበጠበጠ ነገርም አይንቆርቆርም፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ራሱን ሲያውቅ በደቂቃዎች ውስጥ የሥጋ ምግብ ይብላ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሜሮን፦ ያቺ ከማሩ በኋላ ሥጋ የማብላቷ እርምጃ ናት የምትረሳው። ማሩ ያነቃዋል፣ ሰውም ይረጋጋል። ግን የስኳሩ ድንገተኛ መጨመር የታመመውን ቆሽት ሌላ ኢንሱሊን እንዲለቅ ያነሳሳዋል፣ ከዚያ ስኳሩ ከቀድሞው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማር የአደጋ ጊዜ ነገር ነው እንጂ በየቀኑ የሚሰጥ አይደለም። ዘቢብ፣ ሙዝ፣ ብስኩት ደግሞ ጨርሶ ይቅር።

ዳዊት፦ በሕክምናው በኩል የተለመደው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ጉበት ስኳር እንዲሠራ ይገፋዋል። እሱ ብቻውን ካልበቃ ዳያዞክሳይድ ይጨመራል፣ ይህኛው የኢንሱሊኑን መለቀቅ ያግዳል። ሁለቱም እባጩን አያጠፉም። እባጩን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም ቢሆን በሽታው ሊመለስ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን «ተሽሎታል» ተብሎ በአንዴ አይቆምም፤ ሐኪሙ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው።

ሜሮን፦ ምግቡን እንይ። ፌሬት ሥጋ በል ብቻ ነው፤ ከእህል ጉልበት ማውጣት አይሆንለትም። ደረቅ ምግብ ስትገዙ ፕሮቲኑ 35 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ስቡ 20 በመቶ አካባቢ፣ አሰሩ ከ3 በመቶ በታች ይሁን። ፕሮቲኑ ከሥጋ መምጣቱን ለማወቅ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር አንብቡ፤ በቆሎ ወይም አተር ከፊት ከተጻፈ መልሱት። ምግብ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አይጥፋ። የታመመው ደግሞ ቢተኛም በየ4 ሰዓቱ ቀስቅሳችሁ አብሉት።

ዳዊት፦ ምግብ ስትቀይሩም አዲሱን በጥቂቱ እየቀላቀላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ስጡት። ፌሬት በልጅነቱ ያልለመደውን ምግብ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል፤ እምቢ ብሎ መዋሉ ደግሞ ስኳሩን ያወርደዋል።

ሜሮን፦ ከዚሁ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ በሽታ አለ። ጅራቱ ላይ ጀምሮ ፀጉሩ ይረግፋል…

ዳዊት፦ ኩላሊት አጠገብ ያለችው፣ ሆርሞን የምታመነጨው የአድሬናል ዕጢ በሽታ ነው፤ በአንድ እንስሳ ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሸጡ ፌሬቶች አብዛኞቹ በጨቅላነታቸው የመከኑ ናቸው። የዘር ፍሬው ወይም እንቁላል ማምረቻው ሲወጣ፣ ከአንጎል የሚመጣው የሆርሞን ትእዛዝ የሚያቆመው ያጣል። ያ ትእዛዝ ሳያቋርጥ አድሬናሉን ይጎተጉተዋል፤ ዕጢው እያበጠ የፆታ ሆርሞን ማምረት ይጀምራል። የመከነች ሴት ብልቷ ያብጣል። በወንዱ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንቱን ይዘጋል።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ ልቁም። ወንድ ፌሬት ሽንት ቤቱ ላይ ተቀምጦ እያማጠ ምንም ካልወጣው እስከ ነገ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ነው።

ዳዊት፦ ለአድሬናሉ ዴስሎሬሊን የሚባል፣ 4.7 ሚሊ ግራም መድኃኒት የያዘ ቅንጣት ትከሻው መሐል ቆዳ ሥር ይቀበራል። ያንን ትእዛዝ ያስቆመዋል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምልክቱ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ። ሽንቱ ከተዘጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሜሮን፦ ያልመከነች ሴት ያላችሁስ? እሷም አደጋ አለባት። ፌሬት እንቁላል የምትለቀው ከወንድ ጋር ስትገናኝ ነው። ካልተገናኘች ድራቷ፣ ማለትም ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ፣ አይቆምም፣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን መቅኔዋን ያዳክመዋል፣ በደም ማነስ ልትሞት ትችላለች። ድራት ላይ ሆና ብልቷ ካበጠ ሳምንታት አትቁጠሩ፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፌሬት የሚያውቅ ክሊኒክ ከመታመሙ በፊት ይፈለግ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ አይቀበለውም። በካሊፎርኒያና በሃዋይ ደግሞ ማሳደጉ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

ሜሮን፦ ምልክቱን ቀድሞ ለመያዝስ?

ዳዊት፦ በወጥ ቤት ሚዛን በሳምንት አንዴ መዝኑትና ጻፉት። በመጸው ስብ ያከማቻል፣ በፀደይ ይቀንሳል፤ ያ የተፈጥሮው ነው። ያለ ወቅቱ ከከሳ ወይም ጥርሱን እያፋጨ ምግብ ከተወ፣ ጎማ ወይም ስፖንጅ ውጦ አንጀቱ ተዘግቶም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የክብደቱን መዝገብና ሲወድቅ በስልክ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ያዙ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ነቅቶ ምንም እንዳልሆነ ሊመስል ይችላልና።