ከሙጫው በፊት ክፍተቱ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ሥራ በጀመራችሁ በሳምንቱ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሻፍት፣ የወፍጮውን የሚዞር ዘንግ፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይመጣባችኋል። ኩሽኔታው፣ ሻፍቱ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት፣ መቀመጫው ተበልቶበት በሻፍቱ ላይ ላልቶ ይሽከረከራል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ደጁ ላይ እህል ያዘሉ እናቶች ቆመዋል። እጃችሁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፑንችና መዶሻ ነው፤ ሻፍቱን ዙሪያውን በሹሉ ብረት ነጥብ ነጥብ ወግቶ ኩሽኔታውን ማጥበቅ። እኔም ለዓመታት የሠራሁት እንዲሁ ነው። ግን ኩሽኔታውን የያዙት የነጥቦቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። ንዝረት ሲበዛባቸው ይተኛሉ፤ ሻፍቱም ከፊተኛው ብሶበት ይመለሳል።

ለዚህ ሥራ የተሠራ ሙጫ አለ። ሱቅ ሄደን ሁሉንም በንግድ ስሙ «ሎክታይት» እንለዋለን እንጂ ቁጥሩ ሲለያይ ሥራውም ይለያያል። አየር እስካገኘ ፈሳሽ ነው፤ በሁለት ብረቶች መሃል ታፍኖ አየር ሲያጣ ይጠነክራል። ጠርሙሱ እስከ አፉ የማይሞላውም ለዚህ ነው፤ ባለሱቁ አጉድሎባችሁ አይደለም። በሱፐር ግሉ ግን አትሞክሩት፤ ምትና ሙቀት አይችልም።

እንግዲህ ማይክሮሜትሩን አንሱ። መቀመጫውን ሁለት ሦስት ቦታ ለኩ፣ የኩሽኔታውን ቀዳዳም ለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ የሎክታይት ቁጥር 641ም 638ም ይይዙታል። ወደ 0.25 ከተጠጋ 638 ነው። ከዚያ አልፎ እስከ 0.5 ከደረሰ 660 አለላችሁ። ከዚህ የባሰው ወደ ቶርኖ፣ ወደ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ይሂድ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል፦ ይህ ዕቃ ወደፊት ይፈታል ወይ? ኩሽኔታ አላቂ ነው፤ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። እኔ ግን በአንድ ሞተር ላይ፣ ጠንካራው ይሻላል ብዬ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ 638 ቀባሁ። ኩሽኔታው ሲያልቅ ፑለሩ፣ ስቦ የሚያወጣው መሣሪያ፣ አላወጣውም። 638 እንዲለቅ ወደ 250 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ እሳት ስለቅበት ከጎኑ ያለው ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ጎማ ቀለጠ፣ በመጨረሻም ኩሽኔታውን በግራይንደር ስቆርጥ ሻፍቱን ነካሁት። መካከለኛውን 641 ብቀባ ኖሮ በፑለር ይወጣ ነበር። የሰው ንብረት ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። 638ን ለማይፈታው ዕቃ፣ ለቡሽንግ (ኳስ ለሌለው የብረት ቀለበት) ና ለመሳሰለው አስቀምጡት።

ሳትቀቡ በፊት ሁለቱንም ብረት በአሴቶን ጥረጉ። በናፍታ አይሆንም፤ የቅባት ፊልም ይተዋል። ሻፍቱ ላይ አንድ ቀለበት ሙጫ፣ ቀዳዳው ውስጥም በስሱ፤ እያሽከረከራችሁ አስገቡ። ወደ ኩሽኔታው ኳሶች እንዳይፈስ ተጠንቀቁ።

ባለወፍጮው «አሁኑኑ ላስነሣው» ይላችኋል። በደቂቃዎች ውስጥ የያዘ ይመስላል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን በ24 ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ያስነሡት» በሉት፤ እናቶቹም እህላቸውን ይዘው ዛሬውኑ ሌላ ወፍጮ ቤት እንዲሄዱ ይንገራቸው።

አመሰግናለሁ።