ቀለሙን አትክፈቱት
በጅማ፣ ለተራራ ጉዞ ለተሰባሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጂርቱ!

ሦስቴ ሰላም ያልኩት ቃል ለማሳመር አይደለም። ቅዳሜ ተራራው ላይ ሦስቱም ያስፈልጓችኋል፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሰብሳቢያችሁ ስትደውልልኝ «ጋሼ፣ ምልክት በሌለው መንገድ እንዴት ተራራ እንደሚወጣ ይንገሩን» አለችኝ። እሺ አልኩ። የጂኦግራፊ መምህር ተራራ ሲሉት እምቢ አይልም። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን «ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳንቸገር ቀይ ቀለም ገዝተናል፤ መንገዱን ተከትለን ዛፎቹን እየቀባን እንሄዳለን» ብላ ጨመረችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ዛሬ የመጣሁት በዋናነት ያንን ቆርቆሮ እንዳትከፍቱት ልለምናችሁ ነው።

የምትወጡት ተራራ ፖስት ካርድ ላይ የለም። ጅማ የመጣ እንግዳ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፤ ቦዬ ወርዶ ጉማሬ ብቅ እስኪል ይጠብቃል፤ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ገዝቶ ይመለሳል። ጫካ የናፈቀው በለጤ ይሄዳል። ትልቅ ተራራ ካልወጣሁ የሚል ካለ ማይጉዶን ይጠይቃል። ከጅሬን ጀርባ ተደራርበው የተቀመጡትን የኛን ኮረብቶች የሚጠይቅ የለም። የናንተን ተራራ ስሙን ያልጠራሁትም ረስቼው አይደለም። በዚህ በኩል ያሉት ገበሬዎች አንድ ስም አላቸው፣ በዚያ በኩል ያሉት ሌላ፤ ሁለቱም የኛ ነው ትክክሉ ይላሉ። እኔ በመሃል አልገባም።

ስለ ወቅቱ ትንሽ ልበል። በቁጥር ከሄድን መፀው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። የኛ ዝናብ ግን ካሌንደር አያነብም። አዲስ አበባ ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ እኛ ገና ጃንጥላ አላጠፍንም፤ ጥቅምትም ያረጥበናል። ስለዚህ ቀዩ አፈር ከላይ የደረቀ ይመስልና ሲረግጡት ሳሙና ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከኮረብቶቹ ወርዶ ሜዳው ላይ ስለሚተኛ ከተማው በጉም ይሞላል። ማልዳችሁ ከወጣችሁ ከጉሙ በላይ ትሆናላችሁ፤ ጅማ የለችም፣ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል። ይህን ለማየት ብቻ እኔ ሃያ ጊዜ ወጥቻለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። «ምልክት የሌለው» ትላላችሁ። እስቲ አንድ መንገድ ላይ ቁሙና ማን እንደሠራው ጠይቁ።

የከብት መንገድ አይቸኩልም። ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥምም፣ በጎን በጎኑ ይሄዳል፤ ሣር ሲያገኝ አምስት ስድስት ቦታ ይበተናል፣ ወደ ውሃ ወይም ወደ በረት ሲቃረብ ተመልሶ አንድ ይሆናል። መበተን ከጀመረ ወደ ግጦሽ እየወሰዳችሁ ነው፤ ጫፍ አያደርሳችሁም። የውሃ መንገድ ቀጭን ነው፣ ቁልቁል ቀጥ ይላል፣ ከጀሪካን በፈሰሰ ውሃ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። የገበያ መንገድ በአህያ ኮቴ የተቦረቦረ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ነው። ሐሙስ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚወርድ ሰው የተራራ አናት ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ይህ መንገድ ሁልጊዜ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለውን ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ ይሻገራል። በዚህ አካባቢ ቤተ መንግሥቱ ከላይ፣ ገበያው ከታች ነበር፤ በፈረንጆቹ 1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ሆነው ሂርማታን ቁልቁል ያዩት ነበር። በሁለቱ መካከል ስንት እግር እንደተመላለሰ አስቡት።

የንብ አርቢው መንገድ በጣም ያታልላል። ጥርት ያለች ቀጭን መንገድ ጫካ ውስጥ ይዛችሁ ትገባና ድንገት ዛፍ ሥር ትቆማለች። ቀና በሉ፤ ቀፎ ተሰቅሏል። ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። የቡና ለቃሚዎች መንገድ ደግሞ በጥቅምት የሚወለድ፣ ከለቀማው ጋር የሚጠፋ ነው። ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ የቡና ዛፍ ሥር ያልቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተራራው አናት ላይ ውሃ የለም፣ ገበያ የለም፣ ቡናም የለም። ማንም እዚያ ጉዳይ የለውም፤ ያለ ጉዳይ የሚወጣው እናንተ ብቻ ናችሁ። ወደ ላይ ስትቃረቡ መንገዱ የሚቀጥነው ጠፍቶባችሁ ሳይሆን የሰው ሥራ እዚያ ስለሚያበቃ ነው። ያኔ ቁሙ፤ ወደ ኋላ ዞራችሁ የመጣችሁበትን ተመልከቱ፤ ስትመለሱ የሚታያችሁ ያ ነውና። ከዚያ ሸንተረሩን ይዛችሁ ውጡ። ወደ ላይ ሁሉም ሸንተረር ይገናኛል፤ ወደ ታች ግን ሁሉም ይለያያል። ሰው የሚጠፋው ሲወርድ ነው።

እኔም የጠፋሁት ስወርድ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር። አናት ላይ ፎቶ ስንነሳ፣ ቆሎ ስንቆረጥም፣ ስናወራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። በአንድ ሸንተረር ወረድን፤ ግን በመጣንበት አልነበረም። ልክ ያለሁ መስሎኝ እፊት እፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ካርታ አስተማሪው። ጫካው ውስጥ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይጨልማል። ቡና ውስጥ ገብተን ከአንዱ የለቃሚ መንገድ ወደ ሌላው ስንዞር ከማማ ላይ ባትሪ በራብን። «ኤኙ?» አለ ድምፅ። ማን ነው ማለቱ ነው። እኔ ደንግጬ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ነው ያበላሸው።

እስቲ ከማማው ላይ ሆናችሁ እዩን። ቡናው ቀልቷል፤ የዓመት ልፋት ዛፍ ላይ ነው፤ ሌባ የሚመጣውም በዚሁ ሰሞን፣ በዚሁ ሰዓት ነው። ከቡናው መሃል ሦስት ሰዎች ትልልቅ ቦርሳ አዝለው ይወጣሉ፤ ማናችሁ ሲባሉ አይመልሱም። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሁለት ልጆች ከኋላቸው። «ማል በርባዱ?» ምን ፈልጋችሁ ነው? ቦርሳ ተከፈተ፤ ዳቦ፣ ሹራብ፣ ባዶ ኮዳ። ልንገላገል ስንል አንዱ ጓደኛዬ ከኪሱ መሃረብ አወጣ፤ ከመሃረቡ ጋር አንድ እፍኝ ቀይ ቡና ዱብ ዱብ አለ። ለፎቶ ብሎ የለቀመው ነው። ያን ዝምታ አልረሳውም። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙት፣ በባትሪያቸው አዩት፣ ከዚያ «በዚህ ብቻ ሦስት ሰው?» ብለው ሳቁ። ጨሞ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ አጠጡን። አንደኛው ልጅ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሸኘን፤ ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ።

ሦስቱ ሰላምታዎች ለዚህ ነው። ሰው ሳያያችሁ በፊት እናንተ ድምፅ አሰሙ። ከሩቅ ሰላም የሚል ሌባ የለም። «መንገዱ የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በዚህ ማለፍ ይቻላል?» በሉ። በለጤና ጌራ በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ ጫካውን የሚያስተዳድሩት የገበሬዎቹ የራሳቸው ማኅበራት፣ ዋቡብ የሚባሉት፣ አሉና ሳትነግሯቸው አትግቡ። የአገሩ ሰዎች «ቅርብ ነው» ሲሏችሁ ግን የማን ቅርብ እንደሆነ አጣሩ። የነሱ ግማሽ ሰዓት የናንተ ሁለት ሰዓት ነው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። የትም ብትደርሱ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ አናቱ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ተመለሱ። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት እልፍ ብላ ነው፤ ተኩል ላይ ጨለማ ነው። ስልካችሁ ኔትወርክ ባይኖርም ያላችሁበትን ነጥብ ያሳያል፤ ካርታውን ቤት ሆናችሁ ካወረዳችሁት። ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ ላይ ግን ጫካችን ጎመን ነው፣ ከሥሩ መንገድ አይታይም። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። የጉንዳን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በሰው ፊት ሱሪውን ሲያወልቅ አይታችሁ ከሆነ አላብራራም፤ ካላያችሁ ከኔ ጋር ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

ቀለሙስ? ማታ እንደወትሮው ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ፣ አያቱ የተከለው ዋንዛ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ገበሬ ምን ያስባል? ሊቆርጡት ነው ይላል። ወይ መሬቱ ሊለካ ነው ይላል። ቅዳሜ ተራራ ወጪዎች መጥተው ነበር ብሎ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ላይ መንገዱ ይዞራል፤ የዘንድሮው የቡና መንገድ ለከርሞ ሌላ ቦታ ነው። ቀለሙ ግን ዛፉ ላይ ይቀራል፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣውንም ወደ ሰው ማሳ ይመራዋል። እኔን መንገድ ያሳየኝ ባትሪ የያዘ ሽማግሌ ነው። ዛፍ ጠይቄ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሂርማታ እንገናኝ። ዳቦ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ። ለማማው ጠባቂ አንድ ኪሎ ስኳር እኔ እይዛለሁ። ቀለሙን የገዛው ልጅ ደግሞ ደረሰኙን እንዳይጥለው፤ ቆርቆሮው ካልተከፈተ ባለሱቁ ይመልስልን ይሆናል።