ጀርባ ለባሕር አይሰጥም፦ ከድንጋያማ ዳርቻ ዓሣ ስለማጥመድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከፓሲፊካ እስከ ቦዴጋ ቤይ ባለው ድንጋያማ ዳርቻ ዓሣ ስለማጥመድ በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡት እነዚህ ናቸው። አንዳንዶቹ በየጊዜው ይመጣሉ። ግድ የለም፣ ዛሬም እመልሳለሁ።

ከኦክላንድ፦ ጀማሪ ነኝ። መጀመሪያ የት ልሂድ?

አሸዋና ድንጋይ የሚገናኙበት ቦታ ይሂዱ። ድንጋዩ ዓሣውን ያስጠጋልዎታል፣ እግርዎ ግን አሸዋ ላይ ነው። ፓሲፊካ ያለው ሊንዳ ማር ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሰርፍ የሚጫወቱት ሰዎች የሌሉበትን በኩል ይምረጡ። አሸዋ ላይም ቢሆን ጀርባ ለባሕር አይሰጥም።

ከሳክራሜንቶ፦ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

16 ዓመት ከሞላዎት አዎ። የሕዝብ ፒር ላይ፣ ማለትም ወደ ባሕሩ በተዘረጋው ድልድይ መሰል መድረክ ላይ ሆነው ባሕር ውስጥ ካጠመዱ ግን አያስፈልግም። የዓሣው ቁጥርና መጠን ሕግ ግን እዚያም ይሠራል።

ከኮንኮርድ፦ ጥሩውን ቦታ በምን ልለየው?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ዘንግ ሳይዙ ይሂዱ፤ ውሃው በደንብ በሸሸበት ሰዓት፣ ማለትም በሎው ታይድ። ያን ጊዜ ባሕሩ ጓዳውን ያሳያል። ጉድጓዱ የት ነው? በድንጋዮቹ መካከል ቦይ አለ? ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ዝቅ ያለ ቦታስ? በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ውሃው መሙላት ሲጀምር ይመለሱ። ሊሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ያለው ጊዜ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ውሃው ሞልቶም ቢሆን ምልክት አለው። ሞገድ የሚሰበርበትና ነጭ አረፋ የሚሆንበት ቦታ ጥልቀት የለውም። በሁለት አረፋ መካከል ጠቆር ብሎ የሚታየው ግን ጥልቅ ነው። መንጠቆዎን የአረፋው ጫፍ ላይ፣ ወደ ጠቆረው በኩል ይጣሉት። ሰርፍፐርች የሚባለው ዓሣ እዚያ ነው የሚበላው፤ ብዙ ጊዜ ከእግርዎ 15 ሜትር እንኳ አይርቅም።

የሚበላውንም እዚያው ያገኙታል። ሞገዱ ሲመለስ እርጥቡን አሸዋ ይዩት። የ«ቪ» ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ መስመሮች ከታዩ፣ ከሥራቸው የአሸዋ ሸርጣን አለ። በእጅዎ ጫር አድርገው ያውጡት። ሆዷ ሥር ብርቱካናማ እንቁላል ያላትን ካገኙ እሷን ያስቀድሙ፤ ፐርች በጣም ይወዳታል። ስትቆፍሩ ግን ጎንበስ የምትሉት ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አድርጋችሁ ነው፤ ጀርባ አይሰጥም ብያለሁ።

ከሳን ሆዜ፦ ጓደኞቼ ወደ ባሕሩ ገባ ያለው ድንጋይ ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ። ትልልቁ ዓሣ እዚያ ነው ይላሉ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ምን ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ሁሌም ያስጨንቀኛል። ረዘም ላድርገው።

ችግሩ «ጸጥ ሲል» የሚለው ላይ ነው። እኛ ዳርቻ የሚደርሰው ትልቅ ሞገድ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሰሜን ፓሲፊክ ላይ ካለ ማዕበል ነው። እዚህ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ ሞገዱ ቀናት ተጉዞ ይደርሳል። ሲመጣም በቡድን ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ትንንሹ እግርዎ ሥር ይመላለሳል። እርስዎም ይለምዱታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ትልልቅ ተከታትለው ይደርሳሉ። እዚህ አገር ስኒከር ዌቭ የሚሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ትንበያውን ይዩ። ከፍታውን ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሞገድ መካከል ያለውን ሰከንድም ይዩ። 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ ዐለት ላይ አልወጣም። ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ የሚባለው የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ካወጣማ ጨርሶ አይሂዱ። ከደረሱ በኋላም ከላይ ሆነው 20 ደቂቃ ይመልከቱ። ድንጋዩን ደግሞ ይዩት። ፀሐይ እየመታው ከላይ ድረስ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ውሃው አሁን እዚያ ነበር ማለት ነው። አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ካለበት ምንም ጫማ አያቆምዎትም።

ሰው ቢወድቅስ? የእኛ ሰው አንጀቱ አይችልም፤ ተከትሎ ይዘላል። እባካችሁ አትዝለሉ። ውሃው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ያሳጣል። በአሥር ደቂቃ አካባቢ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። አብዛኞቻችን ደግሞ ከባሕር ርቀን ነው ያደግነው። 911 ደውሉ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፤ የተዘጋ የበረዶ ሳጥን፣ ኳስ፣ ገመድ፣ ያገኛችሁትን። አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ እያመለከተ ይቁም። የወደቀው ሰው ሞገድ ከሚሰበርበት ድንጋይ ራቅ ብሎ ይንሳፈፍ።

ጓደኞችዎን ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው፦ ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ፣ ለብቻ ሆነው፣ ጀርባ ሰጥተው ዐለት ላይ አይቆሙም። ዓሣው ቅርብ ነው፤ ጫፍ ድረስ የሚያስኬድ ነገር የለም።

ከሄይዋርድ፦ ሞስ ቢች ድንጋዩ በጣም ያምራል። እዚያስ?

ፊትዝጄራልድ በሚባለው ጥብቅ ቦታ ማጥመድም ሆነ መልቀም ክልክል ነው። እንደዚህ ያሉ ጥብቅ ቦታዎች በዳርቻው ላይ ብዙ ናቸው፤ ከመሄድዎ በፊት ካርታውን ይዩ።

ከሳን ፍራንሲስኮ፦ ያጠመድኩት ዓሣ ሥጋው ሰማያዊ ሆነብኝ። ልጣለው?

አይጣሉት። ሊንግኮድ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሲበስል ይነጣል። ርዝመቱ ግን 22 ኢንች መሙላቱን ገና እዚያው ሳሉ ይለኩ።

ከፍሪሞንት፦ ካቤዞን የሚባለው ዓሣ እንቁላሉ ይበላል?

አይበላም፤ መርዝ ነው። ሥጋው ግን ጥሩ ነው።

ከበርክሊ፦ ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን መስል የሚባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ ለቅሜ ብቀቅለውስ?

ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ለምግብ መልቀም በየዓመቱ ይከለከላል። ውስጡ ሊኖር የሚችለውን መርዝ መቀቀል አያጠፋውም። በልተው ከንፈርዎ ከደነዘዘ ሻይ አፍልተው አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

ከኦክላንድ፦ ሰባት ዓመት የሆነው ልጄ ልምጣ ብሎ ያስቸግረኛል።

ፒር ላይ ይውሰዱት፣ ላይፍ ጃኬት አልብሰው። ዐለት ላይ በፍጹም።

ከሳን ሆዜ፦ በጾም የያዝኩትን ዓሣ መብላት ይፈቀድልኛል?

ይህን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ከቫሌሆ፦ ትናንት መንጠቆ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ራሴ አወጣሁት። ዛሬ አብጦ ቀላ። ምን ልቀባው?

ምንም አይቀቡት። ይህ ለእኔ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዱ አስታውሰው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።