ለምለሙን ጠጣ! (ስለ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ)

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! የዛሬው እንግዳችን በሕይወት የለም። ህንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ። ዮኒ፣ ቀጥል።

ዮናስ፦ መጀመሪያ ግን ስለ እናቴ ላውራ።

ሄለን፦ ይኸው! ጀመረው።

ዮናስ፦ ስሚኝ እንጂ። ልጅ ሆኜ ተቅማጥ በያዘኝ ቁጥር ለምለም፣ ያንን በውሃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ትበጠብጥልኛለች፣ በትልቁ ጆግ። "ሳትጨርስ ከዚህ ንቅንቅ የለም!" ጣዕሙን ታውቂዋለሽ። እንባ በስኳር። አንድ ቀን ዞር ስትል አበባዋ ሥር ደፋሁት።

ሄለን፦ (ሳቅ) ከዚያስ?

ዮናስ፦ በየቀኑ ስደፋ አበባው ደረቀ። ጨው ነዋ! ተያዝኩ።

ሄለን፦ እሰይ። አሁን ወደ ሐኪሙ።

ዮናስ፦ መጣሁ። እንደ ፈረንጆቹ 1971 ነው። የባንግላዴሽ ጦርነት። ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ሸሽቶ ህንድ ገባ። ድንበር ላይ ቦንጋኦን የምትባል ከተማ አለች፣ እዚያ ኮሌራ ተነሳ። ሆስፒታሉ ለኮሌራ የነበረው ሁለት ክፍል፣ 16 አልጋ። ሕመምተኛው መሬት ላይ ነው የተኛው። ዶክተሩ በደም ሥር ፈሳሽ ለመስጠት ትውከትና ተቅማጡ ላይ ይንበረከክ ነበር።

ሄለን፦ ኧረ በማርያም!

ዮናስ፦ ፈሳሹ ደግሞ አላዳረስ አለ። ታዲያ ምን አደረገ? ለአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ የሚባል ስኳር፣ 3.5 ግራም ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ። በቃ! በበርሜል በጥብጦ፣ ቤተሰብ በኩባያ እየቀዳ እንዲያጠጣ አደረገ። ነርስ አይደለም፣ እናት! የኔ እናት ማለት ነው።

ሄለን፦ እናትህ ቦንጋኦን ገቡ።

ዮናስ፦ ጆጓን ይዛ! ለማንኛውም፣ የስደተኞቹ ካምፕ ውስጥ ከመቶ ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት ነበር። በዚህ ፈሳሽ 3.6 ከመቶ ሆነ።

ሄለን፦ ቆይ ግን፣ የፈለሰፈው እሱ አይደለም። ናሊንና ካሽ የሚባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1968 ዳካ ላይ ቀድመው አሳይተዋል።

ዮናስ፦ ሆስፒታል ውስጥ፣ ባለሙያ እየተቆጣጠረው። እሱ ጭቃ ውስጥ ነው የሠራው።

ሄለን፦ እነሱ ባያሳዩ ይደፍር ነበር?

ዮናስ፦ እሱ ባይደፍርስ ማን ያምናቸው ነበር?

ሄለን፦ እሺ፣ ግማሽ ግማሽ።

ዮናስ፦ ስድሳ አርባ።

ሄለን፦ (ሳቅ) ስኳሩ ግን ለምንድን ነው? ለጣዕም?

ዮናስ፦ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር! አይደለም። ጨው በአንጀት ግድግዳ በደንብ የሚያልፈው ግሉኮስ እጁን ይዞ ሲያስገባው ነው። ውሃው ደግሞ ይከተላቸዋል። ኮሌራ ይህን በር አይዘጋውም። አተት ሲነሳ ዛሬም እኛ አገር መጀመሪያ የሚበጠበጠው ይኸው ነው።

ሄለን፦ መጨረሻውስ?

ዮናስ፦ ጥቅምት 2022 ካልካታ ውስጥ አረፈ፣ በ87 ዓመቱ። ህንድ ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን ትልቅ የክብር ሽልማቷን የሰጠችው በጥር 2023 ነው።

ሄለን፦ ከሞተ በኋላ?! ህንዶቹም ያው እንደኛ ናቸው ለካ።

ዮናስ፦ ትናንት ይህን ሁሉ ለእናቴ ተረኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ! ፀጥ ብላ ሰማችኝ።

ሄለን፦ ምን አሉ ታዲያ?

ዮናስ፦ "አበባዬስ?"