ላ ላጉናን አላየናትም

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው የጠየቀኝ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ቴነሪፌ ስላደረግነው ጉዞ አጭር ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። ሪፖርቱ በእርግጥም አጭር ነው። ሁላችንም በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆቴሉ ንጹሕ ነበር። ባሕሩ ልጆቹን አስደስቷል። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ከእኔ በኋላ ያቀርባሉ። ሪፖርቴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ጉዳዩ ላ ላጉና ነው።

አዎ፣ ያቺ ከአውቶቡስ አውርደው «እንዳትዘገዩ» ያሉን ከተማ። ስሟን የረሳ ሰው ካለ አልፈርድበትም። አስጎብኚው ድርጅት የሰጠን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚያችም ላይ ግማሿ ያለቀችው የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ያዋጣነው ማግኔትና ቁልፍ መያዣ ለማየት አልነበረም! ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባትን ከተማ ለእኛ የሽንት ቤት ፌርማታ አደረጓት። ይህ አንጀቴን አሳርሮኛል። ዛሬም አልወጣልኝም።

እኔ በኋላ የሥራ ፈቃድ ወስጄ ተመልሼ ሄጃለሁ። አድሬባታለሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ የሰማሁትን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ያን ብርድ አስታውሱት። ከደቡቡ የባሕር ዳርቻ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ተነሥተን ስንደርስ ጭጋግ ተቀበለን። ልጆቹ ተንቀጠቀጡ። ላ ላጉና ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ነፋሱ ከሰሜን ደመና እያመጣ ይደርብባታል። ከመነሳታችን በፊት ሹራብ ያዙ ያለን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ታሪኩንስ የነገረን አለ? ማይክራፎኑ የተከፈተው የምሳ ቦታውን ለማሳወቅ ነበር። ከስፔኖች በፊት በዚያች ደሴት ጓንቼ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር። ሜዳውን አጉዌሬ ይለው ነበር። መካከሉ ላይ ሐይቅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1494 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሎንሶ ፈርናንዴስ ዴ ሉጎ የሚባለው የስፔን የጦር አዝማች ደሴቷን ሊይዝ ሲመጣ ጓንቼዎቹ አሴንቴሆ ላይ ድባቅ መቱት። ድንጋይና እንጨት ይዘው፣ ጠባቡን ሸለቆ ተማምነው፣ ብረት የለበሰ ጦር መለሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን ተጠናክሮ መጣ። በዚሁ በላ ላጉና ሜዳ ላይ ገጠማቸውና አሸነፋቸው። በ1496 ደሴቷ ሙሉ በሙሉ ተያዘች። ብዙ ጓንቼዎች በባርነት ተሸጡ። አውቶቡሳችን የቆመው እዚህ ምድር ላይ ነው። ይህን ሳይናገሩ ሰውን እዚያ ማውረድ ነውር ነው እላለሁ።

ሉጎ ዋና ከተማውን እዚያው ቆረቆረ። ግንብ ግን አላጠረላትም። የዚያ ዘመን ከተማ ያለ ግንብ አይታሰብም ነበር። እሷ ከባሕሩ ራቅ ብላ ስላለች የባሕር ወንበዴ በቀላሉ አይደርስባትም። መንገዶቿ አስቀድሞ በተሰላ ንድፍ ቀጥ ቀጥ ብለው ተቀየሱ። ሊዮናርዶ ቶሪያኒ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ በ1588 ካርታዋን ሥሏል። ያን ካርታ ይዛችሁ ዛሬ ብትሄዱ አትጠፉም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የስፔን ሰዎች አትላንቲክን ተሻግረው በአሜሪካ አህጉር ከተማ ሲቆረቁሩ ይህቺን ምሳሌ አድርገዋታል። ዩኔስኮ በ1999 የመዘገባትም በዋናነት ለዚህ ነው። በ1534 እዚያች ከተማ የተወለደው ሆሴ ዴ አንቺዬታ ብራዚል ድረስ ሄዶ ሳኦ ፓውሎን ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2014 ቅዱስ ብላዋለች።

በ1723 የካናሪ ደሴቶች የጦር አዛዥ መቀመጫውን ወደ ወደቡ ወደ ሳንታ ክሩዝ አወረደ። ሥልጣኑም ገንዘቡም ቀስ በቀስ ተከትሎት ወረደ። እኔ ይህን ለላ ላጉና ታላቅ ዕድል አድርጌ ነው የማየው። ሀብታሞቹ ቢቆዩ ኖሮ አፍርሰው ይሠሯት ነበር። ወረዱ፤ ድሮዋ ተረፈላት።

አሁን እማማን ላንሳ። ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው። አስፈቅጃቸዋለሁ።

ያን ዕለት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መሄጃችን ደረሰ። ሰው ተቆጠረ። አንድ ሰው ጎደለ። እማማ የሉም! ስልክ ቢደወል ስልካቸው አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫቸው ላይ ጮኸ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ «ጥለናቸው ልንሄድ ነው» ይላል። ልብ በሉ! ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ጥሎ ሊሄድ! ልጃቸው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወጣቶቹ በየመንገዱ ተበተኑ። አንዱ ሱቁን ይበረብራል፣ ሌላው ካቴድራሉን ይዞራል፣ አንዱ ደግሞ የኮንሴፕሲዮን ቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ሥር ቆሞ ስማቸውን ይጣራል።

የተገኙት የት ነው? በከተማዋ ታችኛው ጫፍ፣ ፕላሳ ዴል አዴላንታዶ አደባባይ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው አንዲት የአገሩ አዛውንት ሴት አሉ። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይሰሙም። ጨዋታቸው ግን ደርቷል! ሴትዮዋ በጣታቸው ወደ ላይ ያሳያሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ለጸሎት ይገጥማሉ። እማማ ቀና ብለው ያዩና ያማትባሉ። ሴትዮዋም ያማትባሉ። እኛ ስንደርስ እማማ አልደነገጡም። «ቆይ፣ ገዳሙን እያሳዩኝ ነው» አሉን።

ሴትዮዋ የሚያሳዩዋቸው የሳንታ ካታሊና የሴቶች ገዳምን ነበር። ከአደባባዩ ሆናችሁ ቀና ስትሉ ግድግዳው አናት ላይ ከእንጨት የተረበረበ ሰገነት አለ። መነኮሳይያቱ ከዚያ ውስጥ ሆነው፣ ሰው ሳያያቸው፣ አደባባዩን ያያሉ። በዚያ ገዳም ሶር ማሪያ ዴ ሄሱስ የሚሏት መነኩሲት ኖራ በ1731 ዐርፋለች። በኋላ መቃብሯ ሲከፈት አስከሬኗ ሳይፈርስ ተገኘ ይላሉ። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 15 ገዳሙ ለሕዝብ ያሳያል። ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። አስከሬኗ ያረፈበትን ሣጥን ያሠራላት ደግሞ ማን መሰላችሁ? አማሮ ፓርጎ ነው። በባሕር ላይ የጠላት መርከብ እየማረከ የከበረ ሰው ነበር። እሷን ግን እንደ እናቱ ያከብራት ነበር። እሱም እዚያው ከተማ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብሯል።

እማማ ይህን ሁሉ ዝርዝር አያውቁም ነበር። ግን ቁጭ አሉ። ቀና አሉ። የአገሩን ሰው ሰላም አሉ። ገዳም ተሳለሙ። ከእኛ መካከል ላ ላጉናን ያየ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው! ያን ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ ያጉረመረመ ሁሉ ዛሬ እጁን ለጭብጨባ ያንሳ። ለእማማ!

(ጭብጨባው ይቅር አትበሉ፤ ይገባቸዋል።)

ወገኖቼ፣ የድሮ ከተማ ያለችው ከደጁ ወዲያ ነው። በላ ላጉና ከውጭ የምታዩት ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ የተቀባ ግድግዳ ነው። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ውስጠኛ ግቢ አለ። ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይዞረዋል። እንጨቱ የደሴቷ ጥድ ነው፤ ከልቡ የወጣ፣ ሙጫ የጠጣ፣ ብል የማይደፍረው። ዘመን ሲያልፍበት ይጠቁራል። ሳን አጉስቲን መንገድ ላይ ካሳ ሌርካሮ የሚባል ቤት አለ። የጄኖዋ ነጋዴዎች ቤት ነበር፤ አሁን የደሴቷ ታሪክ ሙዚየም ነው። ካታሊና የምትባል የቤቱ ልጅ ያለ ፈቃዷ ለሽማግሌ ልትዳር ሲሆን በሠርጓ ቀን የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ራሷን ወረወረች ብለው ያወራሉ። ግቢው ውስጥ ስትቆሙ ወሬው ቀልድ አይመስላችሁም። በዚያው መንገድ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1964 በእሳት ነደደ። ግድግዳው ጣሪያ ሳይኖረው እስከ ዛሬ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኚዎቹ እንግዶቻቸውን ጭነው ሲሄዱ ከተማዋ ወደ ባለቤቶቿ ትመለሳለች። በ1792 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪው ይወጣል። ኤራዶሬስ በሚባለው መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ይንሸራሸራል። ካፌው ይሞላል። ባራኪቶ የሚሉት ቡና ይመጣል፤ የተጨመቀ ወተት፣ ሊኬር፣ ቡና፣ አረፋ፣ ተራ በተራ ተደርድሮ፣ ቀረፋና የሎሚ ልጣጭ ጨምሮበት። ጎፊዮ ስጡኝ በሉ ደግሞ። የተቆላ እህል ዱቄት ነው፤ የጓንቼዎቹ ምግብ የነበረ። ያው በሶ በሉት። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ወደ ሆቴላችን ቡፌ በተወሰድንበት ሰዓት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። በኤፕሪል 20 ቀን 2024 በካናሪ ደሴቶች በሙሉ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነበር። መፈክሩ «ካናሪ ልክ አላት» የሚል ነበር። ብዙዎቻችን ዜናውን አይተን «እንግዳ ጠሉ» ብለናል። አይደለም! የቤት ኪራይ ሰማይ ነካባቸው። ቤቱ ሁሉ ለቱሪስት በአዳር ይከራያል። ልጆቻቸው በተወለዱበት ከተማ መኖሪያ አጡ። ስለዚህ ስንሄድ የምናድርበትን እንምረጥ። ነዋሪ የተነሳበትን አፓርታማ ርካሽ ነው ብለን አንከራይ። ፈቃድ ባለው ሆቴል፣ በተለይ በታደሱት የድሮ ቤቶች እንደር። ከሰፈሩ ምግብ ቤት እንብላ። በአውቶቡስ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መንገድ ዘግቶ የሚሄድ እንግዳ ለማንም አይበጅም። እኛ ደግሞ እንግዳ አቀባበል ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ያሳፍራል!

አሁን ወደ ውሳኔው።

ለመጪው ዓመት ሌላዋ የስፔን ደሴት ማዮርካ ታስባለች። ረቂቅ ፕሮግራሙን አይቼዋለሁ። ያው ድርጅት ነው ያዘጋጀው። ፓልማ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ፣ የሚለው መስመር ላይ «ነጻ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት» ተጽፏል። አንድ ሰዓት! የፓልማ ካቴድራል ባሕሩ አጠገብ ቆሞ ታዋቂው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ጋውዲ ራሱ ከ1904 ጀምሮ ዓመታት የሠራበት ነው። በዙሪያው ያሉት ጠባብ መንገዶች፣ የዓረቦቹ ዘመን መታጠቢያ ቤት፣ ውስጠኛ ግቢዎቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት? ይህንን እቃወማለሁ። በግልጽ፣ በሙሉ ድምፅ እቃወማለሁ!

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከባሕር ዳሩ ሆቴል ቀናት ላይ ተቀንሶ ቢያንስ አንድ ሌሊት በድሮው ከተማ ውስጥ እንደር። የስጦታ ሱቅ ፌርማታ ይሰረዝ። ታሪኩን የሚናገር የአገሩ አስጎብኚ ይቀጠርልን፤ የሚናገረውን ከወጣቶቻችን አንዱ በአማርኛ ይመልስልን። እናቶችና አባቶች እንዳይሮጡ መቀመጫ ያለባቸው ቦታዎች አስቀድመው ይመረጡ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ካለ እናዋጣለን።

ቴነሪፌ ለብቻችሁ የምትመለሱ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ከሳንታ ክሩዝ ትራም አለ፤ ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። መጨረሻ ፌርማታው ላይ ውረዱ። ሹራብ ያዙ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ሐሳቡ ዛሬ ማታ በድምፅ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። እጅ የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች ይሰየሙልን። አመሰግናለሁ።