ሲኒውን እንደያዝኩ

እሺ... እየቀረጸ ነው? ነው። ሰላም ናችሁ። መብራት ከሄደ ይቋረጣል፤ የካ አባዶ ነን፣ ታውቁታላችሁ። ያ መዶሻም ያው ጎረቤቴ ነው። አዎ፣ ዛሬም አልጨረሰም። እኔማ መርከብ እየሠራ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን እሑድ ቡና ላይ ያልኩት ነገር አልለቅ አለኝ።

ግራኟን ልጅ ታስታውሷታላችሁ። ከብሎኩ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የማለማምዳት። ግድግዳው ላይ በኖራ ጎል አስምሬያለሁ፤ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ በልኩ። ጥበቃው አባባ ስንቴ እንደተቆጡኝ... እሱ ይቅር። ግራኝ ማለት ለእጅ ኳስ ምን እንደሆነ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ። ከቀኝ በኩል ስትገባ ኳሱ ያለበት እጇ ወደ መሀል ነው፣ ጎሉ ይከፈትላታል። ቀኘኛ ከዚያው ቦታ ሲወረውር በረኛው ግማሹን ዘግቶ ነው የሚጠብቀው። እኔ 9 ዓመት እዚያ የተሰለፍኩት ግራኝ ስለጠፋ ብቻ ነው። ትከሻዬ ይመስክር። ልብስ ሳሰጣ ገመዱ ላይ አይደርስልኝም እኮ አሁን።

ምን ላይ ነበርኩ? ቡናው።

እናቷ ጠሩኝ። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ላይ፣ ፈንዲሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «እንደው በእናትሽ የኔ ልጅ፣ ይሄ ኳስ እንጀራ ይሆናታል?» አሉኝ። አንድ ክለብ ጠርቷታል፣ ትምህርቷን ማታ እንድታደርገው ነው ሐሳቡ። ልጅቷ በር ላይ ቆማለች። ጫማዋን እያየች ነው፣ እኔን አታይም። እኔም ሲኒውን እንደያዝኩ «አዎ» አልኩ።

እንዲሁ። አዎ። በጨዋታው ኳስ ይዘሽ 3 ሰከንድ መቆም ይፈቀድልሻል፤ እኔ አንዷንም አልተጠቀምኩባትም።

ከዚያ ደግሞ ዝም አልልም። ካራባቲች የሚባል ፈረንሳዊ የእጅ ኳስ ተጫዋች አለ፣ አባቱ በረኛ ነበሩ፣ እስከ 40 ዓመቱ ተጫወተ፣ 3 የኦሎምፒክ ወርቅ አለው... እናትየው «እሰይ» ይላሉ። ምኑን ከምን ጋር እንዳገናኘሁት እኔ እንጃ። የእኛ ቡድን የፈረሰ ቀን እኮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው ያነበብነው። ከግቢው ካፌ የዋጋ ጭማሪ ጎን! መጀመሪያ የሽሮውን ነው ያየሁት፣ እውነቴን ነው።

የካራባቲችንም መጨረሻውን አልነገርኳቸውም። ነሐሴ 1 ቀን 2016፣ ሊል ላይ፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ ሩብ ፍፃሜ። ፈረንሳይ ጀርመንን በ1 ጎል ትመራለች። ኳሱ በእጃቸው ነው። የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። መያዝ ብቻ! አንዱ ሊያቀብል ሲል ተቀማ፣ ገባ፣ 29 ለ29። በጭማሪው 35 ለ34 ተሸነፉ። የሰውየው የመጨረሻ ጨዋታ እሱ ሆኖ ቀረ። ኳሱን ያስቀማው እሱ አይደለም እኮ። ስልኬ ላይ እየተቆራረጠ ነው ያየሁት፤ የቀማውን ጀርመናዊ ሳላየው ጎሉን አየሁት። ያን ቀን አለቀስኩ። ቡድናችን ሲፈርስ አላለቀስኩም።

ግን ደግሞ... «አይሆናትም» ብልስ? ለእኔ እኮ ሆኖኛል። የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ የከፈልኩት በእሱ ነው። የምወዳቸውን ሰዎች ሁሉ ያገኘሁት እዚያ ነው። ታዲያ ዋሸሁ እንዴ? አላውቅም። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየኝ ግን... ተዉት።

ማክሰኞ ትፈርማለች። ትናንት ወርጄ በደንብ ላስረዳቸው ብዬ ደረጃውን ተያያዝኩት። በራቸው ጋ ስደርስ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። አለፍኩና ሱቅ ሄጄ ጨው ገዛሁ። ጨው ነበረኝ። አሁን 2 ኪሎ ጨው አለኝ።

የዚህ እሑድ ቡና ደግሞ እኔ ቤት ነው።